ትኬቱ ደሴ ይላል፣ አውሮፕላኑ ኮምቦልቻ ያርፋል

ባለፈው ዓመት አማቴን በአውሮፕላን ወደ አዲስ አበባ ልሸኛቸው ትኬት ቆረጥኩ። ስልኬ ላይ የመጣውን ከፍቼ «በረራው 8፡40 ነው» አልኳቸው። እሳቸውም ረጋ ብለው «እንግዲያ ምሳ በልተን እንወጣለን» አሉ። ቤቱ ሁሉ ተስማማ። ማታ ላይ የባለቤቴ ታናሽ እህት ስልኩን ተቀብላ ስታየው ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። 8፡40 የተባለው በፈረንጅ ሰዓት ነበር። በእኛ ጠዋት 2፡40 ማለት ነው። እሷ ባትኖር እኛ ሽሮ እየበላን አውሮፕላኑ ቦሌ ገብቶ ነበር።

ጥፋቱ የኔ ነው፤ አልክድም። ግን ብቻዬን አይደለሁም። ትኬት ላይ ያለው ሰዓት ሁልጊዜ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ስድስት ቀንሱ፣ የእኛን ታገኛላችሁ። 14፡10 የሚለው ከሰዓት 8፡10 ነው። 06፡30 ካለ ደግሞ ማለዳ 12፡30 ነው፣ ገና ሳይነጋጋ ከቤት መውጣት አለባችሁ። ቀኑም እንደዚያው የፈረንጅ ነው። ለትልልቅ ሰዎች ትኬት ስትቆርጡ ሰዓቱንና ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ስጧቸው።

ይህን የማነሳው በራሴ ለመሳቅ ብቻ አይደለም። ወሎ ውስጥ አውሮፕላን የሚሳፈረው ሰው ተቀይሯል። ድሮ ኮምቦልቻ ላይ የሚሳፈረው ባለሥልጣን፣ የድርጅት ሠራተኛ፣ ሞቅ ያለ ነጋዴ ወይም ከውጭ የመጣ ዘመድ ነበር። አሁን የሐኪም ቀጠሮ ያላት እናት አለች። የኤምባሲ ቀጠሮ የያዘ ልጅ አለ። ልቅሶ የሚደርስ ሽማግሌ አለ። ብዙዎቹ አውሮፕላን ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው።

ምክንያቱን የወሎ ሰው አያጣውም። ከአዲስ አበባ ደሴ በመኪና 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በደህናው ጊዜ በሌሊት ተነስቶ ጣርማ በርን አቋርጦ፣ ደብረ ሲናን፣ ሸዋ ሮቢትን፣ አጣዬን፣ ከሚሴን አልፎ ከሰዓት በኋላ ቤት የሚያስገባ መንገድ ነበር። ጦርነቱና ከጦርነቱ በኋላ የመጣው የጸጥታ ችግር ግን መንገዱን ስንቴ እንደዘጋው ቆጥረን አንዘልቀውም። ክፍት ነው ሲባልም «ዛሬ እንዴት ነው?» ብሎ ሳይደውል የሚወጣ የለም። ባቡሩም አልደረሰልንም። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ የሚደርሰው የ392 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ሥራው በ2007 ዓ.ም. ተጀምሮ ነበር። ኮምቦልቻ ድረስ ሐዲዱ ተነጥፏል፤ ሻንጣ ይዞ የሚሳፈርበት ሰው ግን አላየንም።

እንዲህ እንዲህ እያለ አውሮፕላኑ ቅንጦት መሆኑ ቀርቶ የመንገድ ምትክ ሆነ። እሱም ቢሆን ከችግሩ ውጭ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ኮምቦልቻ ሲደርስ በረራው ቆሞ ነበር። ደህና በሆነበት ቀን ግን አየር ማረፊያው እንደ ትንሽ ቦሌ ይሠራል ብላችሁ ከጠበቃችሁ ትሳሳታላችሁ። ጠባዩ ሌላ ነው።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። ትኬት ስትፈልጉ የሚመጣላችሁ «ደሴ» ነው፤ ሻንጣችሁ ላይ የሚለጠፈው ወረቀትም ዲ፣ ኤስ፣ ኢ የሚሉ ሦስት የላቲን ፊደላት አሉት። ደሴ ግን አየር ማረፊያ የላትም። ጦሳ ተራራ በአንድ በኩል፣ አዝዋ ገደል በሌላ በኩል ጨምድደው ይዘዋት 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ሜዳው ያለው ታች ቦርከና ዳር፣ ኮምቦልቻ ነው። አየር ማረፊያው ከባሕር ወለል በላይ 1,860 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። በሁለቱ መካከል 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ፤ መንገዱ ላይ ደግሞ ሐረጎ የሚባል ጠመዝማዛ ዳገት አለ።

ሐረጎን የማያውቅ እንግዳ ካርታ አይቶ «25 ኪሎ ሜትር? ግማሽ ሰዓት» ይላል። ጠመዝማዛው ላይ ፊት ለፊታችሁ ተሳቢ ያለው ከባድ መኪና ከገባ፣ ጉም ከወረደ፣ ኬላ ላይ ሰልፍ ከጠበቃችሁ ግማሽ ሰዓቱ ተረስቷል። ከደሴ የምትነሱ ከሆነ ለመንገዱ ብቻ አንድ ሰዓት ተኩል ያዙ። አየር ማረፊያው ትንሽ ነው ብሎ ዘግይቶ መድረስም አያዋጣም። ትንሽ ስለሆነ ሰልፉ ያጥራል፤ ግን ሻንጣ የሚመዘንበት መስኮት በረራው ከመነሳቱ አስቀድሞ ይዘጋል። ከተዘጋ በኋላ «እባክሽ እህቴ» ማለት ብዙ አይረዳም። የጭነቱ ሒሳብ ተሠርቶ ለአብራሪው የሚሰጥበት ሰዓት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ኮምቦልቻ ላይ የምትሳፈሩበት አውሮፕላን ቤቱ አዲስ አበባ ነው። ከዚያ ይነሳል፣ ያመጣቸውን ያራግፋል፣ እናንተን ይጭናል፣ ይመለሳል። እዚህ መሬት ላይ የሚቆየው ትንሽ ነው። ወደ እናንተ ከመምጣቱ በፊት ደግሞ በዚያው ቀን ሌላ ከተማ ደርሶ ተመልሶ ሊሆን ይችላል። የሀገር ውስጥ በረራ እንደ ታክሲ ምልልስ ነው ብላችሁ አስቡት። የመጀመሪያው ዙር ሃያ ደቂቃ ከዘገየ፣ ሁለተኛው ዙር ላይ ሃያው ሠላሳ ይሆናል፤ አራተኛው ዙር ላይ ሰው ይጮሃል።

ስለዚህ ኮምቦልቻ ሰማዩ ጠርቶ፣ ፀሐይዋ ወጥታ፣ እናንተም በጊዜ ተገኝታችሁ በረራው ሊዘገይ ይችላል። ጉሙ የወረደው ቦሌ ላይ ነዋ። የሰው ብስጭት የሚጀምረው እዚህ ነው። «ዝናብ የለ፣ ደመና የለ፣ ምን ሆነው ነው?» ይባላል። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ የምታውቀው ከአዲስ አበባ የተነገራትን ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ከጎኔ የተቀመጡ አዛውንት ሦስት ጊዜ ሄደው ጠየቋት። በሦስተኛው «አብሽር አባቴ፣ ይመጣል» አለቻቸው። ተመልሰው ተቀመጡና «አብሽር ካለችማ አልተነሳም ማለት ነው» አሉን። ልክ ነበሩ።

እኔ እንደሚመስለኝ፣ መንገደኛውን የሚያናድደው መዘግየቱ ሳይሆን አለማወቁ ነው። «አውሮፕላኑ ገና ከአዲስ አበባ አልተነሳም፤ ቶሎ ቢነሳ እንኳን አራት ሰዓት ይሆናል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ሰውን ያረጋጋዋል። ሰው ሻይ ይጠጣል፣ ይደውላል፣ ቀጠሮውን ያሸጋሽጋል። ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ የሀገሪቱ አየር ማረፊያዎችና የኢትዮጵያ አየር መንገድ በአንድ ግሩፕ ሥር ናቸው፤ ስለዚህ ይህን መረጃ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ማሻገር የሁለት ድርጅቶች ድርድር አይጠይቅም። እስከዚያው ራሳችሁ ማድረግ የምትችሉት አለ። የእናንተን በረራ ብቻ ሳይሆን፣ ከአዲስ አበባ ወደ ኮምቦልቻ የሚመጣውን በረራ ተከታተሉ። እሱ ካልተነሳ እናንተም አትነሱም። አዲስ አበባ ላይ በዚያው አውሮፕላን የሚመጣ የምታውቁት ሰው ካለማ ከማንኛውም መተግበሪያ የተሻለ ነው።

መዘግየት አንድ ነገር ነው፣ መሰረዝ ግን ሌላ ነው። ቦሌ ላይ አውሮፕላን ቢበላሽ ሌላ ይቀየራል፤ መለዋወጫውም መካኒኩም እዚያው ነው። እዚህ ተቀያሪ የለም። የዛሬው ከቀረ የሚጠበቀው ቀጣዩ በረራ ነው። ቀጣዩ በረራ ደግሞ የራሱ መንገደኞች አሉት። ሒሳቡን ሥሩት። ዛሬ 70 ሰው ቀረ እንበል። ነገ በሚመጣው አውሮፕላን ላይ ያልተሸጠው አሥር መቀመጫ ቢሆን፣ አሥር ሰው ይሄዳል፣ ስድሳው ይቀራል። ተጨማሪ በረራ ካልታከለ ስድሳው ሰው ለቀናት ይጉላላል ማለት ነው። መንገዱ ተዘግቶ ሁሉም ወደ አውሮፕላን በዞረበት ሳምንት ደግሞ አሥሩም መቀመጫ አይኖርም።

ከዚህ የሚወጣው ምክር አንድ ነው። አዲስ አበባ ላይ ቁርጥ ያለ ጉዳይ ካላችሁ በዚያው ዕለት አትብረሩ። አንድ ቀን ቀደም በሉ፤ ዘመድ ቤት እደሩ። በተለይ ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው። ከኮምቦልቻ ጠዋት ተነስቼ ማታ ወደ ጅዳ ወይም ወደ ዱባይ እበራለሁ ማለት ያዋጣል፣ ሁለቱም በአንድ ትኬት ከተያዙ። ያኔ አንዱ ሲዘገይ ሌላውን የሚያስተካክለው የሸጠላችሁ አየር መንገድ ነው። ለየብቻ የተገዙ ትኬቶች ከሆኑ ግን የመጀመሪያው ዘገየ ብሎ ሁለተኛው አይጠብቃችሁም። ዕዳው የእናንተ ነው።

አየሩስ? የእኛ ሰው «አየር ጸባይ» ሲባል ሰበብ ይመስለዋል። አንዳንዴ እኔም ይመስለኛል። ግን የኮምቦልቻን አቀማመጥ ያየ ሰው ይገባዋል። ሜዳው ተራራ በከበበው ሸለቆ ውስጥ ነው። ትልልቅ አየር ማረፊያዎች ላይ አብራሪውን በሬዲዮ ሞገድ እየመሩ ሜዳው አፍ ድረስ የሚያመጡ መሣሪያዎች አሉ። በተራራ በተከበበ ትንሽ ቦታ ግን አብራሪው ከተወሰነ ከፍታ በታች ለመውረድ ሜዳውን በዓይኑ ማየት አለበት። ካላየ አይወርድም። ትንሽ ዞር ዞር ብሎ ይጠብቃል፣ ነዳጁን ያሰላል፣ ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል። ከቦሌ ተነስቶ፣ ኮምቦልቻን ከደመና በላይ «ጎብኝቶ»፣ ቦሌ ላይ የሚወርድ መንገደኛ ብስጭቱ ይገባኛል። እኔ ግን ጉም ውስጥ ገብቶ ተራራ ከሚፈልግ አብራሪ ይልቅ ቦሌ መልሶ የሚያወርደኝን እመርጣለሁ።

ይህ የሐምሌና የነሐሴ ጣጣ ብቻ አይደለም። ወሎ በልግም አለው። ከየካቲት እስከ ሚያዝያና ግንቦት ባለው ጊዜ ዝናብ ቢመጣ ለገበሬው እልል ነው፤ ለአብራሪው ግን ደመና ነው። በበጋም ቢሆን ጠዋትና ከሰዓት አንድ አይደሉም። ፀሐይ ገደላ ገደሉን ስታሞቀው አየሩ ሽቅብ ይነሳል። ከአፋር በኩል የሚመጣው ነፋስ ከደጋው አፋፍ ጋር ይላተማል። ከሰዓት በኋላ የሚበር ሰው የሚንገጫገጨው በዚህ ምክንያት ነው። ምርጫ ካላችሁ የጠዋቱን ያዙ።

ሙቀቱና ከፍታው ሌላም ሥራ አላቸው። ኮምቦልቻ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው 80 በመቶ ገደማ ነው። አየሩ ሲሳሳ ክንፉ የሚደገፍበት ያንሳል፣ ሞተሩም የሚምገው ይቀንሳል። ሲሞቅ ደግሞ ይብስ ይሳሳል። ስለዚህ አውሮፕላን ከፍ ያለና ሞቃት ቦታ ላይ ለመነሳት ወይ ረጅም ሜዳ ይፈልጋል፣ ወይ ጭነት ይቀንሳል። ጭነት ይቀነስ ሲባል ቀድሞ የሚቀረው ዕቃ ነው። እናንተ ቦሌ ደርሳችሁ ሻንጣው በቀጣዩ በረራ ሊመጣ ይችላል። መድኃኒት፣ የምርመራ ውጤት፣ ፓስፖርትና ዋና ሰነድ ሻንጣ ውስጥ አይገባም። በእጅ ይያዛል።

አውሮፕላኑ ራሱ ብዙውን ጊዜ ዜናዎቻችን «ቦምባርዲየር ኪው 400» የሚሉት ነው። የካናዳ ሥራ ነው። ከ70 በላይ ሰው ይይዛል፤ መቀመጫው በግራም በቀኝም ሁለት ሁለት ነው። ፕሮፔለር ያለው ስለሆነ «ይቺ የድሮ ናት እንዴ?» የሚል አይጠፋም። አይደለችም። ፕሮፔለሩን የሚያዞረው ተርባይን ነው፣ የጄት ሞተር ዘመድ። ኮምቦልቻ ከአዲስ አበባ በአየር 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅ ነው። ለእንዲህ ያለ አጭር ርቀት ፕሮፔለር ከጄት ያነሰ ነዳጅ ይበላል፤ ሜዳውም ረጅም እንዲሆን አይጠይቅም። ሰማይ ላይ የምትቆዩት ከአንድ ሰዓት በታች ነው።

ክንፉ ከመስኮቱ በላይ ነው። ይህ ትልቅ ጸጋ ነው፣ ምክንያቱም የትም ብትቀመጡ መሬቱን ታያላችሁ። ከአዲስ አበባ ስትመጡ በቀኝ በኩል ደጋው እንዴት እንደሚቆረጥና ቆላው ከታች እንዴት እንደሚዘረጋ ማየት ነው። ስንት ሰዓት በመኪና የምንጠማዘዘው ገደል ከላይ ሲታይ የተጨማደደ ነጠላ ይመስላል። መሀል ላይ ከተቀመጣችሁ የፕሮፔለሩ ድምፅ ጆሮ ይይዛል፤ ኋላ ይሻላል። መሀል ያለ ሰው ደግሞ ሊያርፍ ሲል ከሞተሩ ሥር ጎማው ዱብ ሲል ያያል። አማቴ ይህን አይተው ከጎናቸው ያለውን ልጅ «ምን ወደቀበት?» ብለው ክንዱን ያዙት። ምንም አልወደቀም። እግሩን እየዘረጋ ነው።

ወደ አውሮፕላኑ የምትሄዱት በእግር ነው፣ አስፋልቱን አቋርጣችሁ። ደረጃው ጠባብ ነው፣ ቀጥ ይላል። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰው ካሉ ትኬት ሲቆረጥ ጀምሮ እርዳታ እንደሚያስፈልጋቸው አስመዝግቡ። በር ላይ ደርሶ መጠየቅ ለሁሉም ጭንቅ ነው። በእጅ የሚያዘው ዕቃ 7 ኪሎ ነው፤ ከራስ በላይ ያለው መደርደሪያ ግን ከትልቅ አውሮፕላን ያነሰ ነው። ጎማ ያላት ሻንጣችሁ አልገባ ካለች ወደ ታች ትላካለች።

ስለ ዕቃ ከተነሳ፣ ወሎዬ ባዶ እጁን አይሄድም። ማር አለ፣ ቅቤ አለ፣ ጭኮ አለ። ማርና ቅቤ ፍተሻ ላይ እንደ ፈሳሽ ሊታዩ ይችላሉ፤ በእጅ ይዞ ከመከራከር ሻንጣ ውስጥ ማስገባት ይሻላል። ኮምቦልቻ ደግሞ ትሞቃለች። ደሴ ላይ ድንጋይ የነበረ ቅቤ እዚህ ሲደርስ ይላላል። ክዳኑን በፕላስተር ዙሩት፣ ሁለት ፌስታል አልብሱት፣ ከልብስ ጋር አታገናኙት። የነጭ ቀሚስ ላይ የቅቤ ካርታ አይቻለሁ።

ሁለት ትንንሽ የሚመስሉ ነገሮች አሉ፣ ሰውን ከበር የሚመልሱ። አንዱ ስም ነው። ትኬቱ ላይ ያለው ስም ከመታወቂያው ጋር መግጠም አለበት። እኛ ጋ ሰይድን በላቲን የሚጽፉ ሦስት ሰዎች ሦስት ዓይነት ይጽፉታል። መሐመድማ ተቆጥሮ አያልቅም። ትኬት የሚቆርጥላችሁን ሰው በቃል አትንገሩት፤ የፋይዳውን ወይም የፓስፖርቱን ፎቶ ላኩለት፣ ፊደል በፊደል ይገልብጠው። ሌላው ስልክ ቁጥር ነው። የሰዓት ለውጥ ሲኖር መልእክት የሚላከው ትኬቱ ላይ ወደተመዘገበው ቁጥር ነው። የቆረጠላችሁ ወኪል የራሱን ቁጥር ካስገባ መልእክቱ እሱ ኪስ ውስጥ ይቀራል። በረራው ሁለት ሰዓት መገፋቱን እሱ ያውቃል፣ እናንተ ሜዳ ላይ ፀሐይ ትሞቃላችሁ። የራሳችሁ ቁጥር መግባቱን እዚያው ሳትወጡ አረጋግጡ።

ዋጋውን በተመለከተ ብዙ አልልም፤ ዛሬ የምጽፈው ነገ ይለወጣል። አውሮፕላኑም መለዋወጫውም በዶላር ነው የሚገዛው፤ ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ ይህ የት እንደሚያደርስ አስቡት። ርካሹ መቀመጫ ቀድሞ ይሸጣል። ቀን ሲቀርብ ዋጋው ይወጣል። ወሎ ላይ ደግሞ ቀን የሚያስወድዱ በዓላት አሉን። መስከረም 21 ግሸን አለ፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሰው ከመስቀል ጀምሮ መቀመጫውን ይይዛል። መውሊድ ሲደርስ ወደ ጀማ ንጉሥ የሚጓዘው ብዙ ነው። ገና ላይ ላሊበላ አለ፣ እሱም የራሱ አየር ማረፊያ ከከተማዋ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ራቅ ብሎ ታች ሜዳው ላይ ነው። በነዚህ ቀናት ዙሪያ መብረር ካለባችሁ ከሳምንታት በፊት ቁረጡ፤ መመለሻውንም አብራችሁ።

ለሚመጣ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ኮምቦልቻ ስትወርዱ አየር ማረፊያው ቶሎ ባዶ ይሆናል። አውሮፕላኑ ከሄደ በኋላ የሚቆይ ባለ መኪና ትንሽ ነው። ሚኒባሱ «ደሴ! ደሴ!» እያለ ሲጣራ ሻንጣ ስትጠብቁ ካመለጣችሁ የሚቀረው ኮንትራት ነው። ኮንትራት ማለት ደግሞ የፊታችሁ ድካም እየታየ የሚነገር ዋጋ ነው። የሚቀበላችሁ ሰው ይኑር፤ ካልሆነ በባጃጅ ኮምቦልቻ ከተማ ውጡና ከዚያ መደበኛውን ታክሲ ያዙ።

አማቴን ያን ዕለት በጊዜ አደረስናቸው። ጠዋት 12 ሰዓት ከደሴ ወጣን፣ ሐረጎ ጉም ነበረው፣ አየር ማረፊያው ግን ጠርቷል። አውሮፕላኑ አርባ ደቂቃ ዘግይቶ መጣ። ከሸኘናቸው በኋላ በርበሬ ወንዝ አካባቢ ቁጭ ብለን ፉል አዘዝን፣ ሻይ ደገምን፣ ወሬ ያዝን። ሒሳብ ልንከፍል ስንል ስልኬ ጠራ። ቦሌ ወርደው ሻንጣቸውን እየጠበቁ ነው። እንዴት ነበር ስላቸው «ደህና ነው፤ ብስኩት ሰጡን» አሉ። ትንሽ ዝም ብለው «ቡና ግን አላፈሉም» አሉኝ።